ደቻቱ የሚሞላው ድሬ ላይ ስለዘነበ አይደለም

ሰሞኑን ከቴሌግራም ወደ ፌስቡክ፣ ከፌስቡክ ወደ ቴሌግራም የሚመላለስ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። አንዱ አጎቴ ነው፤ ከሥሩ «ይኸው! አላልኩህም?» ብሎበታል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ በርጫ ላይ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰማሁት። ገና ምርቃናው አልገባም ነበር፣ ስለዚህ በምርቃና ነው የተወደደለት ማለት አልችልም። «እውነቱን ነው አቦ!» ያለው ይበዛል። እኔ ዝም አልኩ። ማታ ቤት ስገባ ግን ዝም ማለቴ አበሸቀኝ።

ጽሑፉን ላላያችሁት ሳላጣምም ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው፣ ወንድማችን ልበለውና፣ የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው ነገር የሀብታም አገር ጭንቀት ነው፣ አዲስ ፋሽን ነው ይላል። ድርቅም ጎርፍም ድሮም ነበር። የአየር ጠባይ በራሱ ይለዋወጣል፤ ፀሐይ አለች፣ እሳተ ገሞራ አለ፣ ሳይንቲስቶቹም አልተስማሙም። የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ነበር፣ ተመለሰ፤ ስለዚህ ተፈጥሮ ራሷን ታክማለች። አንድ ሁለት ዲግሪ ቢጨምር ሙቀት ለለመደ ሰው ምንም አይደለም፣ ቡናችን እንዲያውም ያተርፋል። ችግሩ አለ ብንል እንኳ ያመጡት እነሱ ናቸውና እነሱ ይወጡት፤ እኛ መጀመሪያ ዳቦ እንብላ። መሐል ላይ ደግሞ ስለ ወርክሾፕና ስለ አበል የወረወራት ነገር አለች።

ከአበሉ ልጀምር። እሱ ላይ ልክ ነው።

እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ። አዳራሹ ውስጥ ኤሲው ከመበርታቱ የተነሳ ስለ ዓለም ሙቀት የምናወራው ጃኬት ደርበን ነበር። እያንዳንዳችን ፊት ሁለት ሁለት የፕላስቲክ ውሃ ተደርድሯል። ሁለት ቀን ሙሉ ስላይድ አየን፣ ባነሩ ሥር ፎቶ ተነሳን፣ አበል ፈርመን ወጣን። ከድሬ በላይ ባለው በደንገጎ ተራራ ላይ አንድ እርከን አልጨመርንም። ሰው ይህን አይቶ «ነገሩ ሁሉ የእንጀራ ጉዳይ ነው» ቢል አልፈርድበትም። ግን በርበሬ ሻጩ አጭበርባሪ ስለሆነ በርበሬ አያቃጥልም አይባልም። በችግሩ የሚነግድ ሰው መኖሩና ችግሩ አለመኖሩ ለየብቻ የሚጣሩ ሁለት ነገሮች ናቸው። ወንድማችን አንዱን አሳይቶ ሌላውን አስረዳሁ ብሏል።

«ድርቅ ድሮም ነበር።» ነበር እንጂ! ክፉ ቀንን ከአያቶቻችን ሰምተን ነው ያደግነው። የ66ቱም አለ፣ የ77ቱም አለ። (በክፉ ቀን ጊዜ ከብቱን የጨረሰው የከብት በሽታ እንደነበርም ቢጨምርልን ጥሩ ነበር፤ ሁሉንም በድርቅ ሒሳብ ጽፎታል።) ነገር ግን «ድሮም ነበር» ማለት «አሁን አልባሰም» ማለት አይደለም። ድሬ ላይ ሰው ድሮም ይታመም ነበር። እና በ2011 ክረምት ግማሹ ሰፈር በችኩንጉንያ መገጣጠሚያው ተይዞ ግድግዳ እየደገፈ ሲሄድ ምንም አዲስ ነገር አልተፈጠረም ልንል ነው?

ደግሞ ሳይንቲስቶቹ ድርቅ ባዩ ቁጥር «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» እያሉ የሚጮሁ አድርጎ ነው የሳላቸው። አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣውን ድርቅ አስታውሱ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ያደረገውን። ተመራማሪዎች ያንን ድርቅ መርምረው በዝናቡ እጥረት ላይ የሰው ልጅ እጅ በግልጽ አይታይም ነው ያሉት። ኤል ኒኞ (በየጥቂት ዓመቱ የሚመጣው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ) አባብሶታል፣ የቀረው የተፈጥሮ መዋዠቅ ነው ብለው በግልጽ ጻፉ። ይህን ያሉት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ነጋ ጠባ የሚያጠኑት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅት ሲከሽፍ፣ አሁንም መረመሩ። የዚህኛው መልስ ሌላ ሆነ፤ እንዲህ ያለው ድርቅ የመከሰት ዕድሉ በሰው ልጅ ምክንያት ቢያንስ 100 እጥፍ ጨምሯል አሉ። ዝናቡ ማነሱ ብቻ አይደለም። ሙቀቱ አፈር ውስጥ የገባችውን ጠብታ መልሶ ጠጣት። ያው ዝናብ ምድር 1.2 ዲግሪ ቀዝቀዝ ባለችበት በድሮው ጊዜ ቢጥል ኖሮ ድርቅ የሚባል ደረጃ ላይ ባልደረሰ ነበር ነው ያሉት። ጥናቱ ድሬን በስም አልጠራም፣ ይህን ልመን። ግን ከብታቸው ያለቀባቸው አርብቶ አደሮች ከእኛ የሚርቁ ሰዎች አይደሉም፤ በግና ፍየላችን ከየት እንደሚመጣ ገበያ የወጣ ሰው ያውቃል።

አሁን ወደ ጎርፉ። እዚህ ላይ ብዙ ልቆይ ነውና ታገሱኝ።

ወንድማችን ድሬዳዋን መሐል ለመሐል የሚያቋርጠው ደቻቱ ወንዝ ስላመጣው የ1998ቱ ጎርፍ አንድ መስመር ነው የጻፈው። «ደቻቱ ድሮም ሰው ይወስድ ነበር» ብሎ አለፈ። ሐምሌ 30፣ ለእሁድ አጥቢያ ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠር ቤቱን አጣ። እኔ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከወንዙ ዳር ትንሽ ገባ ያለ ስለነበር ተረፍን። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ አይደለም፣ ሽታ ነው፤ ከባድ የእርጥብ ጭቃ ሽታ። ከዚያ የቆርቆሮ በሮች ባንድ ላይ መንኳኳት ጀመሩ፤ ሰው የሚያንኳኳ መስሎኝ ነበር። ሲነጋ አሸዋው መሐል አንድ ፍሪጅ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ በሩ እንደተዘጋ። የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ከታችኛው መንገድ ያለው የዘመዶቻችን ቤት ግድግዳ ላይ ጭቃው ያሰመረው መስመር ከአባቴ ራስ በላይ ነበር። ኖራ ቀቡት። በሚቀጥለው ክረምት መስመሩ መልሶ ወጣ። እንደገና ቀቡት፣ እንደገና ወጣ። ያ ቤት እስኪሸጥ ድረስ እንደዚያው ነበር።

ያንን ጎርፍ የአየር ንብረት ለውጥ አመጣው አልልም። እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁም «በምን አወቅህ?» በሉት። ከላይ ያለው ተራራ ተራቁቷል፣ ሰው ወንዙ አፍ ላይ ቤት ሠርቷል፣ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ አልነበረም፤ እነዚህ ብቻ ያን ሁሉ ሰው ለመግደል ይበቃሉ። ወንድማችን እነዚህን ቢጠቅስ እስማማለሁ። ያልጠቀሰው ግን የሚቀጥለውን ነው። አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል። የተሸከመውን ደግሞ የሚያወርደው በእኛ ልክ እየሰፈረ አይደለም፤ በአንድ ሌሊት ይዘረግፈዋል። ዝናቡ በዓመት ድምር ባይጨምር እንኳ አወራረዱ ይከፋል ማለት ነው። እና በተራቆተ ተራራ ላይ፣ ወንዝ አፍ ላይ ለተሠራ ቤት፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ሰው ማስረዳት አለብኝ?

ደቻቱን ለማታውቁት፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ውሃ የለበትም። አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጥበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሲመጣ ደግሞ የሚመጣው ድሬ ላይ ዘንቦ ላይሆን ይችላል። ላይ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ እዚህ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ውሃው ይደርሳል። የድሬ እናት ልጇን «ከአሸዋው ውጣ!» የምትለው ሰማይ አይታ ሳይሆን ደንገጎ ላይ የተጫነውን ጥቁር ደመና አይታ ነው። ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚወራውን ሁሉ እኔ የምረዳው በዚህ መንገድ ነው። የዘነበው ሌላ ቦታ ነው፤ ጭሱ ከእኛ አልወጣም። አሸዋው ላይ የቆምነው ግን እኛ ነን።

«ፀሐይ ነች፣ እሳተ ገሞራ ነው» ለሚለው ብዙ አልደክምም። ፀሐይን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሳተላይት እየለካት ነው፤ የጨመረችው ነገር የለም፣ ምድር ግን ሞቃለች። ጥፋቱ የፀሐይ ቢሆን ደግሞ የላይኛውም የአየር ንብርብር አብሮ በሞቀ ነበር። የሚታየው ግን ታችኛው እየሞቀ ላይኛው እየቀዘቀዘ ነው። ጋቢ እንደተከናነበ ሰው ነው፤ ውስጡ ሞቆታል፣ ጋቢውን ከላይ ብትነካው ግን ቀዝቃዛ ነው። እሳተ ገሞራዎች በሙሉ ተደምረው በዓመት የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሰው ልጅ ከሚያወጣው አንድ በመቶ አይሞላም። ደግሞ ካርቦን የራሱ መታወቂያ አለው። ለሚሊዮን ዓመታት መሬት ውስጥ ተቀብሮ የኖረ ነዳጅ ካርቦን 14 የሚባለው ዓይነት አልቆበታል፤ አየር ላይ የተጨመረውን ስንመረምር ይኸው ያረጀ ካርቦን ነው የሚገኘው። ድሮ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሁን ከ420 አልፏል።

«አዲስ ፋሽን ነው» የምትለዋ ግን አሳቀችኝ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አስልቶ ያሳተመው ስቫንቴ አረኒየስ የሚባል ስዊድናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896። የአድዋ ዓመት! ድሬዳዋ ራሷ ገና አልተቆረቆረችም፣ ባቡሩም አልደረሰም። ያኔ የሚበላ አበል አልነበረም።

ሐሮማያ። ወንድማችን በጣም የተማመነበት ነጥብ ይህ ይመስለኛል፤ በርጫውም ላይ ሰው ራሱን የነቀነቀው እዚህ ጋ ነው። ሐይቁ ደረቀ፣ ሁሉም አለቀሰ፣ ከዚያ ተመለሰ፤ ምን ይላሉ አሁን?

የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ ነገር ሐሮማያን ያደረቀው በዋናነት ፓምፕና ደለል ነው። ሐረር ከእሱ ትጠጣ ነበር፣ የሐሮማያ ከተማ ከእሱ፣ አወዳይ ከእሱ፤ ዙሪያውን ደግሞ ጫቱና አትክልቱ ቀን ከሌት ይጠጣ ነበር። ከኮረብታው የሚታጠበው አፈር ከታች ሞላው። ሙቀቱ ትነቱን ጨምሮ አገዘ እንጂ ብቻውን አልገደለውም። የአየር ንብረት ለውጥ ነው ሐሮማያን የገደለው ብሎ በደፈናው የሚጽፍ ሰው ካለ ተሳስቷል፣ ወንድማችን እሱን ቢያርመው ደስ ይለኛል። ግን «ተመለሰ» የሚለውን «በራሱ ተመለሰ» ማድረግ ከየት መጣ? ሐረር እኮ ውሃዋን ወደ ሌላ ቦታ አዞረች፤ ዛሬ የምትጠጣው ከእኛ በኩል፣ ከታች ከድሬ ጃራ ጉድጓድ ተገፍቶ ዳገት የሚወጣ ውሃ ነው። ሐይቁ ዙሪያ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ። ጥሩ ዝናብም መጣ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰው እጁን ሲሰበስብና ሲሠራ፣ ዝናብም ሲያግዝ፣ ሐይቅ ይመለሳል። ይህ እንግዲህ የወንድማችን ማስረጃ ነው ወይስ የእኔ? እጃችንን አጣጥፈን ብንቀመጥ ይመለስ ነበር ካለ የሐይቁን አልጋ የቆፈረውን ገበሬ ይጠይቅ። እንዳውም እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ሐረርና ድሬ አሁን ከአንድ ሰፈር ጉድጓድ ነው የሚጠጡት። የከርሰ ምድር ውሃ እንደ ሐይቅ ሲቀንስ አይታይም።

«ድሬ ድሮም ሙቅ ናት፤ ለለመደ ሰው ሁለት ዲግሪ ምንድን ነው?»

ይቺን ያነበበ የድሬ ልጅ ሁሉ ደረቱን ነፋ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ እኔም ነፋ አድርጌያለሁ። እኛ እኮ በግንቦት ግቢያችንን ውሃ ረጭተን፣ ምንጣፍ ዘርግተን፣ የአዲስ አበባ እንግዳ በላብ ሲጠመቅ እያየን የምንስቅ ሰዎች ነን። ነገር ግን ሁለት ዲግሪ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሐረር መኪና መሳፈር ይበቃል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። ደንገጎን ስትወጣ ጆሮህ ድፍን ይላል፣ ቀጥሎ አንዷ ሴትዮ «መስኮቱን ዝጉት» ትላለች። ከዚያ ከመንገዱ ዳር ያለውን ተመልከት። ታች ግመልና ቁጥቋጦ ነበር። ከፍ ሲል ማሽላ ይጀምራል፣ ከዚያ ጫት፣ ሐሮማያ ስትደርስ ድንችና ሽንኩርት። የሰዉ አለባበስ ሳይቀር ይለወጣል። ይህን ሁሉ የለያየው ምን ያህል ሙቀት መሰላችሁ? በግምት አምስት ዲግሪ ቢሆን ነው። ሁለት ዲግሪ ጨመረ ማለት እንግዲህ ያንን መንገድ በሙሉ ወደ 300 ሜትር ያህል ሽቅብ መግፋት ነው። ቁጥቋጦው ወደ ማሽላው፣ ማሽላው ወደ ጫቱ። ተራራ ደግሞ ወደ ላይ ሲወጣ እየጠበበ ነው የሚሄደው። አናቱ ላይ ያለው ገበሬ ወዴት ይገፋ?

ቡናው ላይ ያለውም መልስ እዚሁ ነው። «በጥናት የቡና መሬታችን አራት እጥፍ ይጨምራል ተብሏል» ይላል ወንድማችን። ጥናቱ እውነተኛ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ። ግን ግማሹን ነው ያነበበው። ጥናቱ መጀመሪያ የሚለው፣ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ምንም ካልተደረገ ለቡና የማይሆን ሊሆን ይችላል ነው። አራት እጥፉ የሚገኘው ቡናው ወደ ከፍታ ቦታ ከተዛወረና ደን ከተጠበቀ፣ ከለማ ነው። ወረቀት ላይ ካርታ ማዛወር ቀላል ነው። የሐረርጌ ገበሬ ግን መሬቱን እንደ ሰሌን ጠቅልሎ ወደ ላይ አይወጣም፣ ላይ ያለውም መሬት ባለቤት አለው። (ሐረርጌ ውስጥ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ብዙ ነው፣ ያ ግን በአመዛኙ የዋጋ ጉዳይ ነው፤ እሱን በሙቀት አላላክክም።)

ሙቀቱን የለመድነው ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። በ2006 መጀመሪያ ደንጊ የሚባል በሽታ ድሬ ገባ። በ2011 ችኩንጉንያ መጣ፣ በአስር ሺዎች አልጋ ላይ ጣለ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባል ትንኝ ነች፤ ቆሻሻ ኩሬ አትፈልግም፣ የምትወደው እኛ ያጠራቀምነውን ንጹሕ ውሃ ነው። በዚያ ክረምት አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግቢያችን ገብታ የበርሚላችንን ክዳን ከፈተችና በስልኳ መብራት ውስጡን አሳየችኝ። የተቆራረጠ ጥቁር ክር የመሰሉ ነገሮች እየተጠማዘዙ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። «ይኸው የናንተ እርባታ» አለችኝ። ጠዋት ፊቴን የታጠብኩት ከዚያ በርሚል ነበር። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ውስጥ በርሚል የሌለው ቤት የለም፤ ድርቁና ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ በርሚሉ ይበዛል። ትንኟ በሙቀት ቶሎ ታድጋለች፣ ውስጧ ያለው ቫይረስም ቶሎ ይደርሳል። ይህም ሁሉ የአየር ንብረት ለውጥ ነው አልልም። በ2014 ድሬ ላይ ወባ ሲያገረሽ ተጠያቂ የሆነችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የእስያ ትንኝ ከሌላ አገር የገባች ናት፤ እንዲህ ያሉት ከንግድና ከጭነት ጋር ነው የሚጓዙት። ግን መጥታ ያገኘችው ሙቅ ከተማና ክፍት በርሚል ነው። ለምዳናለች።

አሁን ትልቁ። «ያመጡት እነሱ ናቸው፣ እነሱ ይወጡት።»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፣ ደግሞም ሊያናድድ የሚገባ እውነት ነው። አፍሪካ በሙሉ ከዓለም ልቀት ያላት ድርሻ ከአራት በመቶ ገደማ አይበልጥም፤ የኢትዮጵያ ከአንድ በመቶ በታች ነው። መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመጣ ነው። ሀብታሞቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ፣ መለስ ዜናዊ አፍሪካን ወክለው በተገኙበት ጉባኤ፣ ከ2020 ጀምሮ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እንሰጣለን ብለው ቃል ገቡ። የሞላው በ2022 ነው፣ እሱም አብዛኛው ብድር ነው። ቤትህን ያቃጠለ ሰው መልሰህ እንድትሠራ ሲያበድርህ አስቡት። እዚህ ላይ ከወንድማችን በላይ ልቆጣ እችላለሁ።

ግን ጽሑፉን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ከላይ «የሰው ልጅ ሥራ አይደለም፣ ፀሐይ ነች» ይላል። ከታች «ያመጡት እነሱ ናቸው፣ ይክፈሉ» ይላል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም! ፀሐይ ካመጣችው ማን ነው የሚከፍለው፣ ፀሐይ? ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «ግድግዳዬን አፍርሶብኛል፣ ይካሰኝ» ካለ በኋላ «ለነገሩ ግድግዳዬ አልፈረሰም» የሚል ከሳሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱን ራሱ አይክድም። እ.ኤ.አ. በ2027 ያ ትልቁ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ እንዲደረግ ተወስኗል። ሳሎናችን ድረስ መጥተው ሲቀመጡ ይዘን የምንጠብቃቸው ክርክር ይሄ ከሆነ፣ ቡናቸውን ጠጥተው አመስግነው ይሄዳሉ።

ደግሞ ጥፋት ሌላ፣ አደጋ ሌላ። የእነሱ ጥፋት ስለሆነ ጎርፉ ቤቴን ዘሎ አያልፍም። ላይ የዘነበበትን ሰው ልከሰው እችላለሁ፣ መብቴ ነው፤ ግን ክሱን የምጽፈው ከአሸዋው ከወጣሁ በኋላ ነው።

«መጀመሪያ ዳቦ» የሚለውን ባልቃወም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምክንያቱም የራበው ሰው ፊት ስለ ካርቦን ማውራት ነውር ነው። ግን ዳቦውን ማን እየበላው ነው? በ2012 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከጂቡቲ የመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ድሬ ሊያርፍ ሲል የአንበጣ መንጋ ውስጥ ገባ፤ የፊት መስታወቱ በአንበጣ ስለተሸፈነ ማረፍ አቅቶት አዲስ አበባ ሄዶ አረፈ። አውሮፕላን ያላሳረፈ መንጋ የማሽላ ማሳ ላይ ሲያርፍ ምን እንዳደረገ የገጠር ዘመድ ያለው ያውቃል። ያ መንጋ የተራባው እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች የዓረቢያን በረሃ በዝናብ ስላራሱት ነው። አውሎ ነፋሱ ጉልበቱን የሚያገኘው ከባሕር ሙቀት ነው፣ የሕንድ ውቅያኖስም እየሞቀ ነው። የት የዘነበ ዝናብ የማንን ዳቦ እንደበላ ተመልከቱ።

በሌላ በኩል ደግሞ እርምጃ መውሰድ ማለት ዳቦ መተው ነው ያለው ማን ነው? በድሬ የሚያልፈው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ባሉት አስር ዓመታት ብቻ ዋጋው ወደ 90 በመቶ ወርዷል፤ ፀሐይ ደግሞ ድሬ ላይ አልጎደለችም፣ ከምንፈልጋት በላይ አለች። ናፍጣ የምንገዛው በዶላር ነው። የኤሌክትሪክ መኪናው ጉዳይ ላይ ግን ወንድማችን ቢሳለቅ አልፈርድበትም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ባለቤቶቹ ምን እንደሚሉ ጎረቤቴን እሰማዋለሁና።

ችግኝ ላይም እንዲሁ። «ተከልን» ይባላል፣ ያጠጣው የለም። በዚያ ላይ የተሳሳተ ዛፍ ከጭራሹ ካልተከሉት የባሰ ነው፤ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ የመጣው ፕሮሶፒስ ዛሬ አፋርን ወርሮ የእኛንም ዙሪያ ይዟል። እኔ የምፈልገው ሰማይ ጠቀስ ነገር አይደለም። ደንገጎና ቀርሳ በኩል እርከኑ ይቀጥል፣ ለሚቆፍረውም ገበሬ ይከፈለው፤ እሱ የሚቆፍረው የእኛን ቤት ለማዳን ነው። ላይ ሲዘንብ ታች ላለው በስልክ የሚነግር ሰው ይኑር፣ ሌሊትም ቢሆን። ከጎርፉ በኋላ በደቻቱ ዳር የተሠራው ግንብ ጥሩ ነው፣ ግን ግንብ አለ ብሎ ግንቡ ሥር የሚሠራ ቤት አይፈቀድ። ቦዩን የደፈነውን ፌስታል እንጥረገው። በርሚላችንን እንክደን፣ ይቺ እንኳ ነፃ ነች።

አጎቴ ይህን ሲያነብ ደውሎ እንደሚጮህብኝ አውቃለሁ፣ ጋሼ፣ ስልኬ ክፍት ነው። ወንድማችንም በክፋት እንዳልጻፈው አምናለሁ፤ ድሬ ከመጣ ቀፊራ በኩል ሆጃ እጋብዘዋለሁ። በበጋ ከሆነ አሸዋው ላይ ዘርጋ ብለን እንጠጣለን። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ግን ከግንቡ በላይ ነው የምንቀመጠው፣ ሰማዩ ምንም ያህል ቢጠራ።